አምፖሉ እንዲበራ፦ የኤሌክትሪክ ሀሁ በመቐለ

በመቐለ ከተማ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ10ኛ ክፍል የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ተጀምሯል። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ምንም አልጻፉም። ለእያንዳንዱ ዴስክ አንድ የባትሪ ድንጋይ፣ አንዲት ትንሽ የእጅ ባትሪ አምፖልና አንድ ስንዝር ሽቦ አደሉና “አብሩልኝ” አሉ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በዴስኮቹ መካከል መዘዋወር ጀመሩ።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን አምስት ደቂቃ አለፈና አንድም አምፖል አልበራም። መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠችው ተማሪ የሽቦውን አንድ ጫፍ ከድንጋዩ አናት፣ ሌላውን ከአምፖሉ ታችኛ ነጥብ ጋር አገናኝታ ትጠብቃለች። ምንም የለም። ሽቦውን ጠበቅ አደረገችው፤ አሁንም ምንም።

“መምህር፣ ድንጋዩ ሞቷል” አለች።

“አልሞተም ልጄ፤ የወጣው መመለሻ አጣ እንጂ።”

ልጅቷ አምፖሏን ከፍ አድርጋ ታስተውላት ጀመር። ከታች አንዲት የእርሳስ ነጥብ አለች። ጎኗ ደግሞ ጥምዝምዝ ባለ ብረት ተሸፍኗል። በሁለቱ መካከል ጥቁር ቀለበት ገብቶ ለያይቷቸዋል። በብርጭቆው ውስጥ ሁለት ቀጫጭን እግሮች ይታያሉ፤ በጫፋቸው ላይ ከጸጉር የቀጠነ ክር ተዘርግቷል። አንደኛው እግር ከታችኛዋ ነጥብ፣ ሌላኛው ከጎኑ ብረት ጋር የተያያዘ ነው። ይህን ካየች በኋላ የአምፖሏን ታችኛ ነጥብ በድንጋዩ አናት ላይ አስቀመጠች፤ ሽቦውን ከድንጋዩ ታች አንስታ የአምፖሏን ጎን አስነካችው። በራ።

ከኋላ ደግሞ አንድ ልጅ “አቃጠለኝ!” ብሎ ጮኸ። እሱ ሽቦውን ከድንጋዩ አናት ወደ ድንጋዩ ታች ቀጥታ አገናኝቶት ነበር። መምህሩ ሁለቱንም ወደ ፊት ጠሯቸው። የዕለቱ ትምህርት በሁለቱ ልጆች እጅ ላይ ነበር፦ አንዷ ያበራችው ዑደት፣ አንዱ ያጋለው ሽቦ።

ሄዶ የሚመለስ

የኤሌክትሪክ የመጀመሪያ ሕግ ይኸው ነው። ከምንጩ የወጣው ፍሰት ወደ ምንጩ የሚመለስበት መንገድ ካላገኘ አይወጣም። ከድንጋዩ ተነስቶ፣ በሽቦው አልፎ፣ የአምፖሉን ክር አቋርጦ ወደ ድንጋዩ ሌላ ጫፍ የሚደርሰው ሙሉ መንገድ የኤሌክትሪክ ዑደት ይባላል። መንገዱ በአንድ ቦታ፣ በጸጉር ስፋት እንኳ ቢቋረጥ፣ ፍሰቱ በሁሉም ቦታ በአንድ ጊዜ ይቆማል። ግድግዳ ላይ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራው ሥራም ይኸው ነው፤ ዑደቱን ይዘጋል ወይም ይከፍታል።

ብዙ ተማሪ ድንጋዩ ውስጥ ተጠራቅሞ የተቀመጠ ኤሌክትሪክ ያለ፣ ሽቦው ደግሞ ባዶ ቱቦ የሆነ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ኤሌክትሮኖቹ መጀመሪያውኑ በመዳብ ሽቦው ውስጥ ሞልተዋል። ድንጋዩ የሚያደርገው በውስጡ ባለው ኬሚካላዊ ለውጥ ተጠቅሞ እነሱን ከአንድ ጫፉ መግፋትና በሌላኛው መቀበል ነው። ለዚህም ነው አምፖሉ ወዲያው የሚበራው። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን በሽቦው ውስጥ የሚጓዘው በሰከንድ ከ1 ሚሊ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ሲሆን፣ ግፊቱ ግን በዑደቱ ሁሉ የሚዳረሰው ወደ ብርሃን በቀረበ ፍጥነት ነው። በዚያች ትንሽ አምፖል ውስጥ በእያንዳንዱ ሰከንድ የሚያልፉት ኤሌክትሮኖች ወደ አንድ ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ይደርሳሉ።

ሦስቱ መለኪያዎች

ቮልቴጅ፣ ከረንትና ሬዚስታንስ ተማሪን የሚያደናግሩት ሦስቱም አንድ ላይ ስለሚመጡ ነው። የመቐለ ልጅ ግን የሚያውቀው ነገር አለ፤ የውሃ እጥረት ባለባት ከተማ በየጣሪያው የተሰቀለውን ሮቶ። ሮቶው ከፍ ባለ ቁጥር ውሃው ቧንቧው ላይ በግፊት ይመጣል፤ ይህ ግፊት ቮልቴጅ ነው፣ በቮልት ይለካል። በየሰከንዱ ከቧንቧው የሚወርደው መጠን ከረንት ነው፣ በአምፔር ይለካል። የቧንቧው ጥበት ሬዚስታንስ ነው፣ በኦም ይለካል። ምሳሌው እስከዚህ ድረስ ነው የሚያስኬደን። የውሃ ቧንቧ ቢሰበር ውሃው ይፈሳል፤ ሽቦ ቢቆረጥ ግን ምንም አይፈስም፣ ዑደቱ ይቆማል እንጂ።

የሦስቱን ዝምድና ለዓለም የገለጸው ጀርመናዊው ጌኦርግ ሲሞን ኦም የአንድ ቁልፍ ሠሪ ልጅ ነበር። በኮሎኝ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሳለ በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ውስጥ የተለያየ ርዝመትና ውፍረት ያላቸውን ሽቦዎች እያገናኘ የሚያልፍባቸውን ፍሰት ይለካ ነበር። የዘመኑ ባትሪዎች ግፊታቸው እየዋዠቀ ቢያስቸግሩት፣ ሁለት ዓይነት ብረቶች ተጋጥመው አንዱ መጋጠሚያ ሲሞቅ ሌላው ሲቀዘቅዝ የሚፈጥሩትን የተረጋጋ ግፊት ተጠቀመ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1827 በመጽሐፍ አሳተመ። በአገሩ መጀመሪያ የሰማው አልነበረም፤ ከ14 ዓመት በኋላ ግን የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳልያን ሸለመው። ሕጉ አጭር ነው፤ ቮልቴጁ ለሬዚስታንሱ ሲካፈል ከረንቱን ይሰጣል።

በክፍሉ ውስጥ ያለችው አምፖል ሬዚስታንሷ በግርድፉ 10 ኦም ነው እንበል። አንድ የባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት ይሰጣል። 1.5ን ለ10 ስናካፍል 0.15 አምፔር እናገኛለን። ሁለት ድንጋይ አከታትለን ብናስገባ ግፊቱ 3 ቮልት፣ ከረንቱ 0.3 አምፔር ይሆናል፤ አምፖሏም ደመቅ ትላለች። ጣቱን የተቃጠለው ልጅስ? በእሱ ዑደት ውስጥ አምፖል የለም። የቀረው ሬዚስታንስ የሽቦውና የድንጋዩ የውስጥ ሬዚስታንስ ብቻ ነው፣ እሱም ከ1 ኦም ያነሰ። ለትንሽ ቁጥር ሲካፈል ውጤቱ ትልቅ ነው፤ ከረንቱ ወደ በርካታ አምፔር ዘለለና ሽቦውን አጋለው። ሠፈር ውስጥ “ሾርት አደረገ” የምንለው ይህንን ነው።

ሁለት አምፖሎች፣ ሁለት መንገዶች

መምህሩ ቀጥለው ዴስኮቹን ሁለት ሁለት አድርገው አጣመሯቸው፤ አሁን እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ድንጋይና ሁለት አምፖል አለው። “መጀመሪያ አምፖሎቹን አንዱን ከሌላው አስከትሉ” አሉ። ሁለቱም በሩ፣ ግን ደብዝዘው። መንገዱ አንድ ነው፤ ያው ከረንት ሁለት አምፖል ያቋርጣል። ሬዚስታንሱ 20 ኦም ስለሆነ 3 ቮልቱ የሚያሳልፈው 0.15 አምፔር ብቻ ነው። አንዷን አምፖል ሲነቅሏት ሌላዋም ጠፋች። ይህ ተከታታይ አያያዝ ነው።

ከዚያ እያንዳንዷን አምፖል ለየብቻ ከድንጋዮቹ ሁለት ጫፎች ጋር አገናኟት። ሁለቱም ደምቀው በሩ፤ አንዷን ሲነቅሏትም ሌላዋ አልጠፋችም። ይህ ትይዩ አያያዝ ነው። እያንዳንዷ የራሷን 0.3 አምፔር ትወስዳለች፤ ድንጋዮቹ ግን አሁን በድምሩ 0.6 አምፔር መስጠት አለባቸው። በዚህ አያያዝ አምፖል በተጨመረ ቁጥር ከምንጩ የሚወጣው ከረንት ይጨምራል።

ከዚህች አንዲት ውጤት ተነስቶ ተማሪው የቤቱን መብራት መረዳት ይችላል። በየቤታችን ያለው ሶኬትና አምፖል ሁሉ በትይዩ የተያያዘ ነው። የሳሎኑ አምፖል ቢቃጠል የማድ ቤቱ የማይጠፋው ለዚህ ነው። በአንዱ ሶኬት ላይ ብዙ ዕቃ ሲሰካ ሽቦው የሚግለውም ለዚህ ነው።

ቀዳማይ ወያነ ገበያ አካባቢ ካሉት የጥገና ሱቆች በአንዱ የሚሠራ ኤሌክትሪሺያን ይህንን በእጁ ያሳያል። ከጠረጴዛው ሥር አንድ ዲቫይደር አወጣ። ነጩ ፕላስቲክ በአንድ በኩል ቀልጦ ጠቁሯል። በካቻቪቴ ሲከፍተው የመዳቡ ሽቦ ልባስ ተሰነጣጥቆ እንደ ከሰል ተፈረፈረ። “ምጣድ ሰክተውበት ነው” አለ። “ዕቃው ጥፋት የለበትም፤ ለስልክና ለቴሌቪዥን የተሠራ ነው።”

ስሌቱን እንሥራው። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል። ዋት ማለት ቮልቴጅ በከረንት ሲባዛ ነው። በቤታችን ያለው 220 ቮልት ስለሆነ ምጣዱ 16 አምፔር ገደማ ይስባል። አንድ ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ አምፖል የሚወስደው 0.05 አምፔር እንኳ አይሞላም፤ አንድ ምጣድ ማለት 350 እንዲህ ያሉ አምፖሎች በአንድ ጊዜ ሲበሩ ማለት ነው። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ፣ ያም በሽቦው ሬዚስታንስ ሲባዛ የሚገኝ ነው። ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ቀጭን ሽቦ ሬዚስታንሱ ከወፍራሙ ይበልጣል። ምጣድን በወፍራም ሽቦ፣ በራሱ መስመርና በራሱ ብሬከር ማስገባት የሚያስፈልገው በዚህ ስሌት ምክንያት ነው። ብሬከሩ ከረንቱ ከልኩ ሲያልፍ ዑደቱን ራሱ ይከፍታል። “እየወረደ አስቸገረኝ” ብሎ ብሬከሩን በትልቅ መለወጥ፣ ወይም የተቃጠለን ፊውዝ በሽቦ መተካት፣ ቤቱን ከእሳት የሚጠብቀውን አንድ ዘበኛ ማሰናበት ነው።

ከተማዋም ዑደት ናት

በዴስክ ላይ የታየው ሕግ የመቐለን ከተማ መብራት ያስተዳድራል። ድንጋዩን በግድብ፣ ስንዝር ሽቦውን በመቶ ኪሎ ሜትር መስመር ተክተን እናስበው።

ለከተማዋ ቅርብ ከሆኑት ምንጮች ትልቁ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ኃይል ማመንጫ ነው። 188 ሜትር ከፍታ ያለው ቅስት ግድብ ሲሆን አራት ተርባይኖቹ እያንዳንዳቸው 75 ሜጋዋት፣ በድምሩ 300 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ሌላው ከመቐለ በስተደቡብ ያለው የአሸጎዳ የንፋስ ኃይል ማመንጫ ነው። በ2006 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 84 ተርባይኖችና 120 ሜጋዋት አቅም አለው። በአንዱ ቦታ ውሃ፣ በሌላው ንፋስ ይሁን እንጂ ሁለቱም የሚሠሩት እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 በደረሰበት አንድ ሐሳብ ነው፤ ማግኔትና የሽቦ ጥቅል አንዱ በሌላው አጠገብ ሲንቀሳቀሱ በሽቦው ውስጥ ግፊት ይፈጠራል። ተማሪው ይህን ለማየት አሸጎዳ መሄድ አያስፈልገውም፤ የብስክሌት ዲናሞ በእጅ ማዞር ይበቃል። ከባትሪ ድንጋይ የሚለየው ግፊቱ አቅጣጫውን እየለዋወጠ መምጣቱ ነው። በአገራችን መረብ ላይ ከረንቱ በሰከንድ 50 ጊዜ ሄዶ ይመለሳል።

ከተከዜ እስከ መቐለ የተዘረጋው መስመር 230,000 ቮልት የሚሸከም ነው። ቤታችን 220 ቮልት ከሆነ ይህን ያህል ግፊት ለምን አስፈለገ? ተማሪው አሁን ራሱ ሊመልሰው ይችላል። 1 ሜጋዋት በ220 ቮልት ለመላክ ከ4,500 አምፔር በላይ ያስፈልጋል። በ230,000 ቮልት ከሆነ ግን 4.3 አምፔር ይበቃል። ከረንቱ ወደ አንድ ሺህኛ ሲወርድ በሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነው ወደ አንድ ሚሊዮንኛ ይወርዳል። ከተማ ሲደርስ ግፊቱ በማከፋፈያ ጣቢያ ወደ 15,000 ቮልት፣ ከዚያም በየሠፈሩ ምሰሶ ላይ በተሰቀለው ትራንስፎርመር ወደ ቤታችን ልክ ይቀነሳል።

የመቐለ ልጆች ዑደት ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው ጦርነት መስመሮቹን ቆራረጠ፤ አሸጎዳም ሥራ አቆመ። ከተማዋ ከብሔራዊው መረብ ተለይታ፣ አልፎ አልፎ ብልጭ ከሚል ኃይል በቀር ከዓመት በላይ በጨለማ ቆየች። መብራት ሲጠፋ ወፍጮው፣ የውሃ ፓምፑ፣ የዳቦ ቤቱ ምድጃና የሆስፒታሉ መሣሪያ አብረው ቆሙ። ነዳጅ ስላልነበረ ጄኔሬተርም ለብዙው ሰው መፍትሔ አልሆነም። የሶላር ሰሌዳና የመኪና ባትሪ ያለው ሰው ለጎረቤት ባለውለታ የሆነበት ጊዜ ነበር።

ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። ከአላማጣ በኩል ወደ መቐለ የሚመጣው የከፍተኛ ኃይል መስመር ተጠግኖ ኅዳር 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተማዋ ከብሔራዊው መረብ ጋር ዳግም ተገናኘች። በእነዚያ ወራት ሁሉ በአገሪቱ ሌሎች ግድቦች ላይ ተርባይኖች ሲዞሩ ነበር፤ አምፖሎቹም በየቤቱ ጣሪያ ላይ ተሰቅለው ነበር። የጎደለው መገናኛው ነበር። ድንጋዩ ሳይሞት አምፖሏ ያልበራችላት ተማሪ የገጠማትም መሠረቱ ይኸው ነው።

ሕይወት የሚያስከፍል ስሕተት

ይህን ዘገባ አንብቦ ልሞክረው ለሚል ልጅ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለ። ሙከራው ሁሉ በባትሪ ድንጋይ ብቻ ይሁን፤ ከግድግዳ ሶኬት ጋር ፈጽሞ አይሁን። ምክንያቱን የኦም ሕግ ይናገራል። የሰው ገላ ሲደርቅ ሬዚስታንሱ እስከ 100,000 ኦም ሊደርስ ይችላል፤ ሲረጥብ ግን ወደ 1,000 ኦም ይወርዳል። 1.5 ቮልት በእርጥብ እጅም ቢሆን ከ0.0015 አምፔር በላይ አያሳልፍም። 220 ቮልት ግን 0.22 አምፔር ያሳልፋል። የልብን ምት ለማናጋት 0.1 አምፔር ይበቃል።

ወፍ በመስመሩ ላይ በሰላም የምታርፈው ሁለቱም እግሮቿ አንዱን ሽቦ ብቻ ስለያዙና በእሷ በኩል የሚዘጋ ዑደት ስለሌለ ነው። መሬት ላይ ቆሞ ሽቦ የነካ ሰው ግን ዑደቱን በገላው ይዘጋል። ስለዚህ የወደቀ መስመር ሲታይ ቢያንስ 10 ሜትር መራቅና ሌላውንም ማራቅ ይገባል። መብራት ጠፍቷል ብሎ መቅረብም አይገባም፤ ሳይታሰብ ሊመጣ ይችላል። በቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጅ ከመጎተት በፊት ብሬከሩን ማውረድ ይቀድማል፤ ካልተቻለ በደረቅ እንጨት ከሽቦው ማላቀቅ።

በትግራይ ሌላም አደጋ አለ። ለሙከራ ሽቦና ብረት ፍለጋ ሜዳ የወጣ ልጅ ያልፈነዳ የጦር ቅሪት ሊያጋጥመው ይችላል። ዕቃው ከተበላሸ ሬዲዮ፣ ከአሮጌ የእጅ ባትሪና ከጥገና ሱቅ ትራፊ ይሰብሰብ እንጂ ከሜዳ አይነሳ። የስልክ ባትሪም ሲበሳ ወይም ሾርት ሲያደርግ በእሳት ስለሚነሳ ለዚህ ሙከራ አይሆንም።

ለመጀመር የሚያስፈልገው

የትግራይ ተማሪዎች በመጀመሪያ በኮቪድ፣ ቀጥሎም በጦርነት ምክንያት ከክፍል ውጭ ዓመታትን አሳልፈዋል። ትምህርት የተከፈተው በ2015 ዓ.ም. ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ቤተ ሙከራቸውን አጥተዋል፤ ተፈናቃዮች የተጠለሉባቸውም አሉ። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለ የፊዚክስ መምህር ቀመሩን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማለፍ ቢቀለው አይፈረድበትም። ቀመር ብቻ የሸመደደ ተማሪ ግን 3 ቮልትን ለ10 ኦም አካፍሎ በፈተና ነጥብ ያገኛል፤ ዕቃውን በእጁ ሲሰጡት አምፖሉን ማብራት ያቅተዋል።

ሙሉ ቤተ ሙከራ እስኪመለስ ተብሎ ትምህርቱ መዘግየት አይኖርበትም። ለአርባ ተማሪ ሃያ ድንጋይ፣ ሃያ የእጅ ባትሪ አምፖል፣ ጥቂት ሜትር ሽቦ፣ አንድ ፒንሳ፣ አንድ ጥቅል ናስትሮና አንድ መልቲሜትር ሲኖር ከመዝጊያና መክፈቻ እስከ ትይዩ አያያዝ ያለው ትምህርት ሁሉ በእጅ ሊሠራ ይችላል። ማብሪያ ማጥፊያው ከወፍራም ካርቶንና ከሁለት የወረቀት ማያያዣ ይሠራል። ሳንቲም፣ የእርሳስ ውስጥ ጥቁሩ ክፍል፣ ላስቲክ በዑደቱ መካከል እየገቡ የትኛው አስተላላፊ፣ የትኛው ከልካይ እንደሆነ በራሳቸው ይመሰክራሉ። ከጥገና ሱቆቹ ጋር የሚነጋገር ትምህርት ቤት ከዚህም በላይ ያገኛል፤ እዚያ የሚጣለው አሮጌ ቻርጀር ውስጥ ትራንስፎርመር፣ ዳዮድና ሬዚስተር አለ።

ወላጅም ድርሻ አለው። የቤቱ ቆጣሪ በኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል፤ ይህም አንድ ሺህ ዋት ለአንድ ሰዓት ሲሠራ የሚወስደው ነው። 3,500 ዋት ምጣድ ለሁለት ሰዓት ቢጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑን ልጁ አስልቶ ለእናቱ ቢነግር፣ ቀመሩ ከደብተር ወጥቶ የቤተሰብ ዕውቀት ይሆናል።

የአገራችን የኤሌክትሪክ ሥራ እየሰፋ ነው። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ግድቡ በራሱ ቤት አያበራም፤ መስመር የሚዘረጋ፣ ትራንስፎርመር የሚጠግን፣ ቤት በትክክል የሚያስገባ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ዛሬ ክፍል ውስጥ ነው። መቐለም እንዲህ ያሉ ባለሙያዎችን ከራሷ ልጆች የማፍራት አቅም አላት፤ ዩኒቨርሲቲዋ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ያስተምራል። ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ግን የሚጀምረው ቀደም ብሎ ነው፤ ልጁ ድንጋይ፣ ሽቦና አምፖል በእጁ ተሰጥቶት፣ ሳይነገረው፣ ራሱ ተሳስቶና ራሱ አርሞ ሲያበራ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ይህን አንድ ክፍለ ጊዜ መስጠት ከትምህርት ቤቶቻችን አቅም በላይ አይደለም፤ ስለዚህ ከዚህ ሴሚስተር ማለፍ የለበትም።